ፀሐይ የሰረቀች ዕለት

መቼም ሰው ትንሽ ሥልጣን ሲያገኝ አያርፍም። እኔ ያገኘኋት ሥልጣን በኮምፒውተሬ የጽሑፍ ፕሮግራም ውስጥ ያለችው «ሁሉንም ተካ» የምትባል ትእዛዝ ነበረች።

አባቴ የሕይወት ታሪኩን በ1993 ዓ.ም. አንድ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት አስተይቦ፣ ረቂቁን በቀይ እስክሪብቶ እያረመ በዲስኬት አስቀምጦት ነበር። ካረፈ በኋላ ለሙት ዓመቱ አባዝቼ ለዘመድ ላድል ብዬ ፋይሉን ብከፍተው፣ ገጹ በላቲን ፊደላትና በቅንፎች ተሞልቶ አገኘሁት። የዚያን ዘመን የአማርኛ ፎንቶች የፊደላችንን ቅርጽ በላቲኑ ቦታ ላይ የሚያስቀምጡ ነበሩና፣ ፎንቱ ሲጠፋ ላቲኑ ብቅ ይላል። ፊደላችን በዩኒኮድ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም፣ የአባቴ ታይፒስት ገና በድሮው ነበር የምትሠራው።

በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ አመጣሁት። ቀጥሎ አራት ነጥቡ አስቸገረኝ። ታይፒስቷ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ እየመታች ስለሠራችው፣ አንዱ መስመር መጨረሻ ላይ ሲቀር ሌላው ወደ ታች ይወርዳል። «፡፡»ን ሁሉ በ«።» ተካሁ፤ ገጹ ባንድ አፍታ ጸዳ።

ልቤ ያበጠው ያን ጊዜ ነው። ሞክሼ ፊደላቱንስ ለምን አንድ አላደርጋቸውም? «ሠ»ን በ«ሰ»፣ «ዐ»ን በ«አ» መተካት ጀመርኩ። ለማሽኑ «ሠ» እና «ሥ» የተለያዩ ምልክቶች ስለሆኑ፣ እያንዳንዱን ፊደል እስከ ሳብዑ ሰባት ሰባት ጊዜ ደጋገምኩት። ማረሜ ነበር እኮ!

በሙት ዓመቱ ዕለት የአባቴ የቄስ ትምህርት ቤት ጓደኛ መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ያዙ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ቀና አሉና፣ «ልጄ፣ አባትህ ፀሐይን ሌባ ብሏት አያውቅም» አሉኝ።

አባቴ «ፀሐይ ሠረቀች» ብሎ ነበር፤ ወጣች ማለቱ ነው። እኔ «ሰረቀች» አድርጌያት አረፍኩ። ዝቅ ብሎም የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ የሠዐለውን ሰው «ሰአለ» ብዬ ለማኝ አድርጌዋለሁ።

በዚያው ሌሊት ያልነካሁትን የመጀመሪያውን ፋይል አውጥቼ እንደገና ጀመርኩ። የታይፒስቷን አራት ነጥብ ብቻ አቃናሁ፤ የአባቴን «ሠ» ግን እንደ አደራ ዕቃ ተውኩት። ለማሽኑ ሁለቱም ያው ምልክት ናቸው። የቱ የእጅ ስሕተት፣ የቱ የሰውየው ድምፅ እንደሆነ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ልጁ ነበርኩ።

አዲሱን ቅጂ ለሽማግሌው ወስጄ ሰጠኋቸው። አሮጌውን ግን አልመለሱልኝም፤ «ስትታበይ አሳይሃለሁ» አሉኝ።