የባዛሩ ዘንግና የእናቴ ድስት

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በገና ሰሞን፣ ልጆቼን ይዤ ወደ ኤግዚቢሽን ማዕከል ባዛር ሄድኩ። መስቀል አደባባይ ከታክሲ ስንወርድ የድምፅ ማጉያው ጩኸት ተቀበለን። አንዱ ብርድ ልብስ፣ ሌላው የሽንኩርት መክተፊያ ያስተዋውቃል። ብዙ ሰው የከበበው ግን የአሉሚኒየም መጠገኛ ዘንግ የሚሸጥ አንድ ወጣት ነበር።

ወጣቱ የለስላሳ ቆርቆሮ በሚስማር ይበሳል፣ በትንሽ የጋዝ እሳት ያሞቃል፣ ዘንጉን ያስነካዋል። ቀዳዳው ወዲያው ድፍን ይላል። ውሃ ሞልቶ ያሳያል፤ ጠብ አይልም። «እናቴ፣ ይኼ ዕድሜ ልክ ነው!» አለኝ።

የእናቴ ድስት ትዝ አለኝ። እሷ ካረፈች ወዲህ የበዓል ዶሮ የምሠራው በእሱ ነበር። ባለፈው ፋሲካ ግን ታችኛው ጠርዙ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አወጣ። ሳላቅማማ 5 ዘንግ በ300 ብር ገዛሁ።

ማታውኑ ባለቤቴ ሞከረው። ዘንጉ እየቀለጠ ተድበልብሎ ይወድቃል እንጂ አይዝም። ከብዙ ልፋት በኋላ ያዘ፤ ውሃ ሞላንበት፣ አላፈሰሰም። ሁላችንም ደስ አለን። በዋዜማው ሽንኩርቱን ከሰል ላይ ጥጄ ያለ ዘይት ሳቁላላ ግን ከሥር «ጭስ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ድስቱን ሳነሣ ጥገናው ቀልጦ ከሰሉ ላይ ተንጠባጥቧል። ሽንኩርቱን ደፋሁት፤ የዚያን ዓመት ዶሮ በጎረቤት ድስት ተሠራ። ዕድሜ ልክ የተባለው አንድ ሳምንት አልሞላም።

ከበዓሉ በኋላ ድስቱን በፌስታል ይዤ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ወረድኩ። ምናለሽ ተራ ሌላው የጣለው ዕቃ ዳግም የሚወለድበት ሰፈር ነው። ያረጀ በርሜል ምድጃ ሆኖ ይወጣል። የመዶሻው ድምፅ አፍ ለአፍ ገጥሞ ካልሆነ አያነጋግርም።

አንድ በዕድሜ የገፉ ብረት ሠሪ ድስቱን አገላብጠው አዩና ሳቁ። «ልጄ፣ ዘንጉ አልከዳሽም፤ ያለቦታው ነው ያዋልሽው» አሉኝ። ዘንጉ አብዛኛው ዚንክ ስለሆነ በ400 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ አሉሚኒየም ግን እስከ 660 ይችላል። ድስት ውስጥ ውሃ እስካለ ውሃው ያበርደዋል። ደረቅ ሽንኩርት ሲቁላላ ግን የሚያበርደው የለም፣ ከሰሉ ዘንጉን በቀላሉ ያቀልጠዋል።

«ጋሼ፣ ታዲያ ባዛሩ ላይ እንዴት ያዘ?» አልኳቸው።

«ቆርቆሮው ስስ ነው፣ ቶሎ ይግላል። ድስት ወፍራም ነው፣ ሙቀቱን ወደ ጎን ይወስደዋል። ደግሞ አሉሚኒየም ላዩ ላይ የማይታይ ቆዳ አለው። በሽቦ ብሩሽ እስኪያብረቀርቅ ካልፈተግሽው ዘንጉ ከላይ ይቀመጣል እንጂ አይዋሐድም።»

እሳት ለማይነካው ነገር፣ ለምሳሌ ለመስኮት ፍሬም፣ በደንብ ከተሠራ ብዙ ጊዜ እንደሚቆይ ነገሩኝ። ለምግብ ዕቃ ግን አይመክሩትም፤ ሎሚና ቲማቲም ዚንክን ስለሚያሟሟው ሲበዛ ሆድ ይረብሻል።

ከዚያም አርጎን ወደሚበይድ ሰው መሩኝ። እሱ መጀመሪያ የባለቤቴን ጥገና ፍቆ እስኪያወጣ ግማሽ ቀን ፈጀ፤ ዚንኩ ካልወጣ ብየዳው አይይዝም። ከዚያ በራሱ በአሉሚኒየም በየደው። የከፈልኩት ከዘንጎቹ ዋጋ እጅግ ይበልጣል። ድስቱ ጠባሳ አለው፣ ግን ከዚያ ወዲህ ስንት በዓል ዶሮ ወጥ ሠርቼበታለሁ።

ዛሬም ባዛር ስሄድ የዘንጉ ሻጭ አይጠፋም። ጠጋ ብዬ «ልጄ፣ ቆርቆሮውን ተወውና ያረጀ ድስት ባመጣልህ ጠግነህ ከሰል ላይ ትጥድልኛለህ?» እለዋለሁ። እስካሁን እሺ ያለኝ የለም።