ጎታው በበሩ አይወጣም

የቤት ዕቃ ማዛወርን እንጀራቸው ያደረጉ ድርጅቶች አዲስ አበባ ውስጥ አሉ። ድሮ ድሮ የኤምባሲ ሰው ወይም የውጭ ድርጅት ሠራተኛ ካልሆነ ብዙ የሚደውልላቸው አልነበረም፤ አሁን ግን ከአንዱ ኮንዶሚኒየም ወደ ሌላው የሚቀይር ተከራይም ይጠራቸዋል። ካርቶናቸውን፣ ፕላስተራቸውንና ወፍራም ብርድ ልብሳቸውን ይዘው ይመጣሉ። ብርጭቆውን አንድ በአንድ በወረቀት ይጠቀልላሉ፤ አልጋውን ይፈቱና ብሎኑን በላስቲክ ቋጥረው እዚያው አልጋው እግር ላይ ያስሩታል። እኔ በዚህች በብሎኗ ነገር በጣም ነው የማደንቃቸው። ቤት ቀይሮ ለሦስት ቀን የአልጋ ብሎን ያልፈለገ፣ እስኪያገኘውም ፍራሹን መሬት ዘርግቶ ያልተኛ ካለ እስኪ እጁን ያውጣ።

እህቴ እናታችንን ከዳንግላ ወደ አዲስ አበባ ለማዛወር ስትነሳ መጀመሪያ የደወለችው ለእንዲህ ዓይነት ድርጅት ነው። ይህ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። አባታችን ካረፈ ወዲህ እማዬ ብቻዋን ናት፤ ጉልበቷም እሺ አልል ካለ ቆይቷል፤ የሚያያት ሐኪም ደግሞ ያለው አዲስ አበባ ነው። እኔ የምሠራው እንጅባራ ነው። ከዳንግላ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለምርቅ በቤተሰቡ የሥራ ክፍፍል ገንዘቡና ስልኩ የእህቴ፣ ላቡ የኔ ሆነ። ድርጅቱ በቴሌግራም አንድ ቅጽ ላከልን፤ ይህን ሙሉና ፕሮፎርማ እናወጣላችኋለን አሉ። ቅጹን ስልኬ ላይ ይዤ ዳንግላ ወረድኩ።

ቅጹ ጥሩ ቅጽ ነው። ሶፋ፦ ስንት መቀመጫ? ቴሌቪዥን፦ ስንት ኢንች? ፍሪጅ፦ ባለ ስንት በር? ቁምሳጥን፦ ይፈታል ወይስ ወጥ ነው? የልብስ ማጠቢያ ማሽን፦ አለ፣ የለም? እማዬ መደብ ላይ ተቀምጣ እኔ አነብላታለሁ፣ እሷ ትስቃለች። ሶፋ የለም። ማጠቢያ ማሽን የለም። ቴሌቪዥን አንድ አለ፤ ኢንቹን በስንዝር ለካሁት። መጨረሻ ላይ «ሌሎች» የሚል ርዕስና ከሥሩ ሁለት ባዶ መስመር ነበር። የእናቴ ቤት በሙሉ ያረፈው እዚያ ሁለት መስመር ላይ ነው። ጎታ ሁለት። የጠላ ጋን ሦስት። ምጣድ ከነአክንባሎው። ሙቀጫ ከነዘነዘናው። መሶብ፣ ሌማት፣ የተጀመረ የማር ቅል። ጤፍ ሦስት ኩንታል፣ ዳጉሳ ግማሽ ጆንያ። ከእንጅባራ የገዛሁላት የቀርከሃ ወንበር። የአባቴ ኮርቻና ልጓም።

ቅጹን እንደዚያው ሞልቼ ላክሁት። በማግሥቱ አንድ ትሁት ልጅ ከድርጅቱ ደወለ።

«ወንድሜ፣ ጎታ ምንድን ነው? በካርቶን ይገባል?»

ለማያውቀው አንባቢም እዚህ ላይ ላስረዳ። ጎታ እህል የሚቀመጥበት፣ ከጭቃ፣ ከጭድና ከእበት የሚሠራ ትልቅ ዕቃ ነው። የእማዬ ጎታ ከኔ ቁመት ትንሽ ነው የሚያንሰው። የተሠራው እዚያው ቤት ውስጥ፣ በእጇ፣ ቀለበት በቀለበት እየደረቀ ነው፤ ወገቡ ከበሩ ይሰፋል። ስለዚህ ለልጁ በካርቶን እንደማይገባ ብቻ ሳይሆን በበሩም እንደማይወጣ ነገርኩት። ዝም አለና «እሺ፣ እሱን ልሰርዘው?» አለኝ። ሰርዘው አልኩት። እማዬ ግን ሰምታ ነበር፤ የዚያን ዕለት ማታ ብዙ አላወራችም።

ፕሮፎርማው መጣ። ከታች የተጻፈው ቁጥር የኔን የአራት ወር ደመወዝ ያክላል። እህቴ ግን ቆርጣ ስለነበር አላመነታችም። ያመነታው ድርጅቱ ነው። መኪናችን ከዓባይ ወዲያ አሁን አይሻገርም፣ መንገዱ ሲረጋጋ እንነጋገር አሉን። አልፈረድኩባቸውም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በመከላከያና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል በሚደረገው ውጊያ የጎጃም መንገድ በየጊዜው ሲዘጋና ሲከፈት ነው የቆየው። የዓባይ ወዲያ ማዶም አያስተማምንም ነበር፤ በሰኔ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው ሲመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ገብረ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ላይ ታፍነው የተወሰዱት በዚሁ መንገድ ነው። ሰው ከታፈነበት መንገድ ላይ ፍሪጅ አልልክም ያለን ድርጅት ምን ትለዋለህ?

እዚህ ላይ ወደ እኛ አገር አሠራር ተመለስን። ዳንግላም እንጅባራም ውስጥ ከሠፈር ሠፈር ለመቀየር ጋሪና ባጃጅ ይበቃል። ፈረስ የማይጠፋበት አገር ስለሆነ ባለጋሪ አይቸግርም፤ እኔ ራሴ እንጅባራ ውስጥ ሁለት ጊዜ ቤት የቀየርኩት በጋሪ ነው። ርቀቱ ሲረዝም ነገሩ ወደ አይሱዙ ይሄዳል፣ የአይሱዙም ዋጋ እንደ አቅጣጫው ነው። ከአዲስ አበባ ሸቀጥ ይዞ የመጣ መኪና ባዶውን መመለስ አይፈልግም፤ የመልስ ጭነት ይፈልጋል። ከኛ ዘንድ ደግሞ የመልስ ጭነት ሞልቷል፦ ድንች አለ፣ የባሕር ዛፍ አጣና አለ፣ ከሁሉም በላይ የፋግታ ለኮማ ከሰል አለ። ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ፣ በአራት በአምስት ዓመት ቆርጦ፣ አክስሎ መሸጥ የዚያ ወረዳ ገበሬ ኑሮ ከሆነ ቆይቷል። ስለዚህ የእናታችሁ መሶብ የሚወዳደረው ከከሰል ጆንያ ጋር ነው። ባለመኪናው ከሰሉን ትቶ የእናንተን ዕቃ እንዲጭን የከሰሉን ሒሳብ መክፈል አለባችሁ፤ ወይም ግማሹን ከሰል፣ ግማሹን ዕቃ ብላችሁ ትስማማላችሁ። ከዚያ አዲስ አበባ ስትደርሱ ነጠላዎቿ ምን እንደሚመስሉ አስቡት።

ያገኘነው ሹፌር ያን መንገድ ለዓመታት የተመላለሰ ሰው ነው። ቅጽ የለውም፣ ኢንሹራንስ የለውም፤ ዕቃው ቢሰበርስ ስለው «አምላክ ያውቃል» አለኝ። ግን ድርጅቱ የሌለው አንድ ነገር ነበረው። ቡሬ ላይ ያለውን ሹፌር፣ ደብረ ማርቆስ ያለውን፣ ደጀን ያደረውን ሁሉ በስልክ ያውቃል። መንገዱ ዛሬ ተከፈተ ወይስ ነገ የሚለውን ከየትኛውም ዜና ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው። ኔትዎርክ በሚጠፋበት ቀን ደግሞ ከወዲያ የመጣ መኪና አስቁሞ ይጠይቃል። የጉዞውን ቀን የወሰነው እንግዲህ እሱ ነው፤ ወይም ወሳኞቹ ሁለት ነበሩ ልበል። እማዬ «ጥር ሃያ ሦስት ሳያልፍ ከዚህ ቤት አልወጣም» አለች። ጥር 23 የጊዮርጊስ ቀን ነው፣ በኛ አገር ደግሞ የፈረሰኞች ቀን። አባቴ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አባል ነበር። በዓሉ በአደባባይ ተከበረም አልተከበረም፣ እሷ ያን ቀን ኮርቻውን አውጥታ ሳትወለውል አልፋ አታውቅም።

ስንጠብቅ ከርመን ባዶ እጃችንን አልተቀመጥንም። ከድርጅቱ መኪናውን ባናገኝም ዘዴውን ወሰድን። ጆንያውን ሁሉ ቁጥር ጻፍንበት፤ ዝርዝሩን በሁለት ቅጂ ጽፈን አንዱን ሹፌሩ ፈረመበት። ፍሪጁ ቆሞ እንዲሄድ፣ ደርሶም ወዲያው እንዳይሰካ ተስማማን። ምጣዱን ጠፍጣፋውን ካስተኛችሁት የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ይሰነጠቃል፤ በጋቢ ጠቅልለን በጤፍ ጆንያዎች መካከል በጠርዙ አቆምነው። ይህን ከምጣዱ ባለቤት በቀር ማንም ድርጅት አይነግራችሁም። ጤፉ ከሥር መሆኑ ለሌላም ይጠቅማል፤ የዓባይን በረሃ ስትወርዱ የቀለለ ዕቃ ብቻ የጫነ መኪና እንደ ፌስታል ነው የሚወዛወዘው።

በዚህ መሐል አንድ ቀን ዕቃ ስንለይ እማዬ «ይሄ ሁሉ ጊዜ ምን ያደርጋል፤ የራንቾቹ በስንት ደቂቃ ወጡ?» አለችኝ። የምትለው በ2013 ዓ.ም. ከመተከል ተፈናቅለው ቻግኒ ራንች መጠለያ ስለገቡት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ነው። በታኅሣሥ ወር ቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ከመቶ በላይ ሰው ከተገደለ በኋላ ያ መጠለያ ሲጨናነቅ፣ ዳንግላ ካሉ ጎረቤቶቿ ጋር በሶና ብርድ ልብስ ሰብስባ ሄዳ ነበር፤ እኔም አብሬያት ነበርኩ። አንዲት ሴት ያስታወሰችው ነገር ቢኖር የጓዳዋን ቁልፍ ይዛ መምጣቷ ነው። ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ ቁልፉ ኪሷ ውስጥ ቀርቷል። እማዬ ያን ቁልፍ እስከ ዛሬ ታነሳዋለች። ከዚያም ወደ ኋላ ትሄዳለች፦ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ደርግ በድርቅ የተጎዱትን ወደ ፓዌ ሲያሠፍር፣ ያኔ ኮሶበር በምንላት እንጅባራ በኩል ወደ ቻግኒ የሚታጠፉትን መኪኖች በልጅነቷ ቆማ አይታለች። ሰው እንጂ ዕቃ አላየሁም ትላለች። እኔ በዚያ ሰዓት በእጄ የያዝኩት የጆንያ ቁጥር የምጽፍበት እስክርቢቶ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ለመሶብ የሚሆን ካርቶን መፈለግ መቻል ራሱ ትልቅ ነገር መሰለኝና ከዚያ በኋላ ሥራው በዛብኝ ማለት ተውኩ።

ቀበሌው ጉዳይ አጭር ነው፤ መሸኛ ሳትይዙ አዲስ አበባ እንዳትገቡ፣ ነዋሪነት ስትጠይቁ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። የከበደው እድሩ ነው። እማዬ ለሠላሳ ዓመት ያህል የከፈለችበት፣ አባቴን የቀበረላት እድር ነው። የእህቴ ሠፈር እድር ለአዲስ አባል መመዝገቢያ ይጠይቃል፤ የሠላሳ ዓመት ክፍያ ወደዚያ አይዛወርም። እድርተኞቹ እሑድ ተሰብስበው መከሩበትና ስሟን ከመዝገቡ እንደማይሰርዙ ነገሯት። አንድ ሽማግሌ ብቻ «ወርኃዊውን እንዳታቋርጪ እንጂ» አሉ።

መንገዱ በየካቲት መጀመሪያ ተከፈተ፤ ሹፌሩ ማታ ደወለ፣ ንጋት ላይ ጫንን። ጫኝ አልቀጠርንም። ጎረቤት በሙሉ ነው የመጣው፣ ብር ስናወጣ ተቆጡን። ጋኖቹን ለሦስት ጎረቤቶች አደለች። ሙቀጫውን ይዛ ሄደች፤ ፎቅ ላይ መውቀጥ እንደማይቻል እህቴ ብትነግራትም። ኮርቻውን መኪናው ላይ አላስጫነችም፤ ጋቢና ውስጥ እግሯ ሥር አደረገችው። እንደ እውነቱ ከሆነ በዚያ መንገድ ላይ እሷ በዕቃ መኪና ባትሄድ እመርጥ ነበር፤ «ዕቃዬ የሄደበት እሄዳለሁ» ስላለች እኔም ከጎኗ ተሳፈርኩ። ሁለት ቦታ ላይ ተፈተሽን፤ አንዱ ፈታሽ ወጣት ኮርቻውን አይቶ ፈገግ አለና አሳለፈን። አዲስ አበባ ስንደርስ የሠፈሩ ጫኝና አውራጅ ነን ያሉ ልጆች ከበቡን፤ አንደኛ ፎቅ ለማውጣት የጠየቁት ሹፌሩን እንኳ አሳቀው። ግማሹን ተስማማን።

የተሰበረ የለም፤ አንድ የቡና ሲኒ ብቻ። ምጣዱ ደህና ነው፤ ኮርቻው የእህቴ ቴሌቪዥን አጠገብ ተቀምጧል። የእድሩን ወርኃዊ በቴሌብር የምትልከው እህቴ ናት፤ ዳንግላ ሰው ባረፈ ቁጥር ግን ስልክ ይዛ የምታለቅሰው እማዬ ናት።

ቤቱን ለሁለት ወጣት ባልና ሚስት አከራየነው። ባለፈው ሰሞን ሚስቲቱ ደውላ፣ ሶፋ ልናስገባ ስለሆነ ጎታውን ማፍረስ ይቻል እንደሆነ ብላ ነው አለችኝ። ስልኩን ለእማዬ ሰጠኋት። እማዬ ትንሽ ዝም አለችና «ሶፋው ስንት መቀመጫ ነው ልጄ?» አለቻት። እስካሁን አላፈረሱትም።