ኮከብ መቁጠር ኪንታሮት አያወጣም

ልጆች ሳለን “ኮከብ አትቁጠሩ፣ እጃችሁ ላይ ኪንታሮት ይወጣል” እየተባልን ነው ያደግነው። ነርስነት ስማር ኪንታሮት የሚመጣው ከቫይረስ መሆኑን አወቅሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያለ ስጋት እቆጥራለሁ፤ የልጅ ልጆቼንም አስቆጥራለሁ።

መሣሪያ አያስፈልግም። የግቢውን መብራት አጥፍቶ፣ ጋቢ ደርቦ 20 ደቂቃ ያህል መቀመጥ ነው። ዓይን ጨለማን የሚለምደው ቀስ በቀስ ነው፤ በመሀል ስልክ ከተከፈተ እንደ አዲስ መጀመር ነው።

ኮከብ ይርገበገባል፤ ፕላኔት ግን ረጋ ብሎ ያበራል። ወቅቷ ሲሆን፣ ፀሐይ እንደገባች በምዕራብ ከሁሉ ደምቃ የምትታየው ቬነስ ናት። ጎሕ ሲቀድ በምሥራቅ ስትታይ የአጥቢያ ኮከብ የምንላትም እሷኑ ነው። ከፀሐይ ብዙ ስለማትርቅ እኩለ ሌሊት ላይ አትገኝም። በዚያ ሰዓት አናት ላይ ደምቆ የሚያበራው ብዙውን ጊዜ ጁፒተር ነው። ማርስ በቅላቱ ይለያል።

ከዋክብቱ ደግሞ እንደየወሩ ይፈራረቃሉ። በጥር ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ኦሪዮን ከፍ ብሎ ይታያል፤ መሀሉ ላይ 3 ኮከቦች እንደ መቀነት ተደርድረዋል። በሚያዝያ እሱ ወደ ምዕራብ ሲያዘቀዝቅ በደቡብ በኩል የደቡብ መስቀል ብቅ ይላል። አገራችን ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ ሁለቱንም እናያለን፤ አውሮፓ ያሉ ልጆቻችን መስቀሉን ከዚያ ሆነው አያገኙትም።

የመቀነቱን መስመር ወደ ሰሜን ምዕራብ ስትከተሉ፣ አንድ ቀላ ያለ ኮከብ አልፋችሁ ሰባቱን ከዋክብት ታገኛላችሁ። ነቢዩ አሞጽ ከኦሪዮን ጋር የጠቀሳቸው ናቸው። ስማቸው ሰባት ይሁን እንጂ ደህና ዓይን ብዙውን ጊዜ የሚለየው 6 ነው።

ባለቤቴም 6 ይቆጥር ነበር። አምና ግን “ጭጋግ እንጂ ኮከብ የለም” አለኝ። የመንገድ መብራትም ቀለበት ሠርቶ እንደሚታየው፣ “ዕድሜ ነው” ብሎ ዝም ማለቱን የነገረኝ ያኔ ነው። በማግስቱ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድን፤ የዓይን ሞራ ነበር። በቀዶ ሕክምና ተነሣለት። ዘንድሮ 5 ቆጠረ። እኔ 6 ነው እላለሁ፤ የልጅ ልጃችን 7 ነው ብላ ትከራከረናለች።

ኮከብ መቁጠር የዓይን ምርመራን አይተካም። ቢሆንም አረጋውያን የዓይናቸውን መድከም ሳይናገሩ ይቆያሉ። ሰማዩ በጠራ ምሽት እናት አባታችሁን ግቢ አውጥታችሁ ስንት ኮከብ እንደሚታያቸው ጠይቋቸው። ከአምናው ካነሰባቸው ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው።