መንጃ ፈቃዱና የጣሪያው መከታ



ይህን የምንጽፈው ባልና ሚስት አንድ ላይ ተቀምጠን ነው። የድል ምስክርነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀደም ብለን በጻፍነው ነበር። የዘገየነው ስላፈርን ነው። ነገር ግን በቤት ኅብረታችን ከተናገርነው በኋላ ስንት ሰው "እኛም ቤት አለ" እንዳለን ስናይ ዝም ማለት ከበደን።

ሐዋሳ ለምትኖሩ የ2014 ዓ.ም ነገር አዲስ አይደለም። አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ስታስወጣ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ይሠሩ ከነበሩት መካከል ብዙዎች ቤታቸው ተቀመጡ። የእኛም ቤት ከእነዚያ አንዱ ነበር። ከሁለታችን ባልየው መጋዘን ውስጥ ይሠራ ነበር፤ ሥራው ቆመ። ሚስትየዋ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። የቤት ኪራዩም፣ የሁለቱ ልጆቻችን ትምህርት ቤትም በዚያች ምጣድ ላይ ወደቀ።

አንድ ቀን የምናውቀው ሰው ትንሽ አውቶሞቢል ገዝቶ ሾፌር እንደሚፈልግ ነገረን። "መንጃ ፈቃድህን አውጣና ና፤ ሁለት ወር እጠብቅሃለሁ" አለ። በዚያው ሰሞን ዕቁባችን ወጣልን። ሁለቱ ሲገጣጠሙ "ጌታ በር ከፈተ" አልን። ተንበርክከን አመሰገንን፤ በማግስቱ ማሠልጠኛ ሄደን ተመዘገብን።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ትምህርት ቤት ሆነ። ባልየው ቀን "ለማጅ" የሚል በተለጠፈባት መኪና ይለማመዳል፤ ማታ ደግሞ እኛ ከልጆቻችን ጋር ሆነን እንፈትነዋለን። ሦስት ማዕዘን ከሆነ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ስምንት ማዕዘን ቀይ ከሆነ "ቁም" ነው፤ አደባባይ ላይ ቅድሚያው አስቀድሞ ለገባው ነው። ትንሿ ልጃችን ሳትቀር ምልክቶቹን በቃሏ ያዘች። የጽሑፍ ፈተናውን በመጀመሪያው አለፈ። እልል አልን።

የተግባሩ ፈተና ግን እንቢ አለ። በኮኖቹ መካከል ወደ ኋላ መሄዱንም ማቆሙንም ይችለዋል። ችግሩ ዳገት ነበር። ሐዋሳ ሜዳ ናት፤ ከታቦር ተራራ ግርጌ ካልሄዱ በቀር ዳገት የሚለማመዱበት ቦታ አይገኝም። በፈተናው ቀን ዳገት ላይ አቁሞ እንዲነሣ ታዘዘ፤ ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቀቀው፣ ሞተሩ ጠፋ፣ መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ወደቀ። ለሁለተኛ ጊዜ ተፈተነ፤ እንደገና እዚያው ዳገት ላይ ወደቀ። ከሁለቱ ወር የቀረን አሥራ ሁለት ቀን ነበር።

ያን ጊዜ ነው ሰውየው የመጣው። ደላላ ነው አንለውም፤ እኛን "ወንድሜ፣ እህቴ" ብሎ የሚጠራ ሰው ነው። ቡና እየጠጣን በለሆሳስ አስረዳን። የምናውቃቸው ሰዎች አሉ፤ ፈተናው ላይ መገኘት ብቻ ነው፤ ውጤቱ ያልቃል። የጠየቀው ከዕቁቡ የተረፈንን ሁሉ የሚያህል ነበር። "መንዳቱን መንገድ ላይ ትለምደዋለህ፤ ሁሉም ሰው እኮ እንዲህ ነው" አለ።

አሁን የምንናዘዘው እዚህ ጋ ነው። እንቢ አላልንም። "እንጸልይበት" አልን፣ ግን አልጸለይንም። በማግስቱ ግማሹን ቀብድ ሰጠነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ፣ በዚያው ምሽት በቤተሰብ ጸሎታችን "ጌታ ሆይ፣ መንገድ ስላዘጋጀህልን ተመስገን" አልን። ኃጢአትን መሥራት አንድ ነገር ነው፤ ለኃጢአት ምስጋና ማቅረብ ግን ልብ ምን ያህል ሊታወር እንደሚችል ያሳያል።

በዚያ ሳምንት በቤተሰብ ንባባችን ዘዳግም ላይ ነበርን። ተራው የታላቁ ልጃችን ነበር፤ ምዕራፍ 22ን አነበበ። ቁጥር 8 ላይ ሲደርስ ቆም አለና "አባዬ፣ ጣሪያ ላይ መከታ ለምንድን ነው የሚሠራው?" ብሎ ጠየቀ። እንዲህ ብለን አስረዳነው፦ በዚያ አገር የቤት ጣሪያ እንደ እኛ ቆርቆሮ ሳይሆን ዝርግ ነው፤ ሰው ይወጣበታል፣ ይቀመጥበታል። ስለዚህ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ወጥቶ የሚወድቅ ሰው እንዳይኖር ዙሪያውን እንዲያጥር እግዚአብሔር አዘዘ። መከታ ሳይኖር ሰው ወድቆ ቢሞት ደሙ በዚያ ቤት ላይ ነው።

"ግን እኮ አልገፋውም!" አለ ልጁ።

አልገፋውም፤ ነገር ግን እንደሚወድቅ እያወቀ ዝም ብሏል። ይህን ከመለስንለት በኋላ ሁለታችንም ቃል አልወጣንም። ልጆቹ ተኙ። እኛ መብራቱን ሳናጠፋ ተቀመጥን። በመጨረሻ ሚስትየዋ እንዲህ አለች፦ "ይህ ልጅ ነገ ጠዋት በሳይክል ትምህርት ቤት ይሄዳል። 'ሁሉም ሰው እንዲህ ነው' ከተባለ፣ በአጠገቡ የሚያልፈው ሾፌርም እንደ እኛ ያለ ሰው ነው ማለት ነው።"

ሐዋሳን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ሳይክሉ፣ ባጃጁ፣ እግረኛው፣ ጋሪው አንድ መንገድ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ከማንኛውም በሽታ ይልቅ የሚገድላቸውም እርሱ ነው። እኛ የወረቀት ጉዳይ ነው ብለን ነበር። ወረቀት አልነበረም፤ መከታ ነበር። ያ ዳገት፣ ያ ፈተና፣ ፍሪሲዮንና ፍሬን ያልለየ ሰው በሰው ልጅ አጠገብ እንዳያልፍ የተሠራ አጥር ነው። እኛ ደግሞ አጥሩን ለመንቀል ገንዘብ ከፍለናል።

በማግስቱ ለሰውየው ደውለን "ይቅርብን" አልነው። ሳቀብን። ቀብዱን አልመለሰልንም፤ እስከ ዛሬ አልመለሰም። ለመኪናው ባለቤትም እውነቱን ነገርነው፤ በቀጠሮው አንደርስም አልን። ክፉ ቃል አልተናገረንም፤ ግን ሥራውን ለሌላ ሰጠው። ወገኖች፣ አንዳንዴ በመድረክ ላይ "ታዘዝኩ፣ በዚያው ቀን ጌታ እጥፍ ሰጠኝ" ሲባል እንሰማለን። ጌታ እንዲህም ያደርጋል፤ ለእኛ ግን እንዲህ አልሆነም። በዚያ ወር ከጎረቤት ጤፍ ተበድረናል።

ባልየው ወደ ማሠልጠኛው ተመልሶ ለጥቂት ሰዓት ልምምድ ብቻ የሚሆን ከፈለ። አንድ በዕድሜ ጠና ያሉ አሠልጣኝ ነበሩ። ዳገት ላይ አስቁመውት እንዲህ አሉት፦ "ልጄ፣ አንተ የምትወድቀው ስለማትችል አይደለም፤ ስለምትቸኩል ነው። የእጅ ፍሬኑን ያዝ። ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ ልቀቅ፤ እስኪይዝ ጠብቅ። ሲይዝ መኪናዋ ራሷ ትነግርሃለች፣ አፍንጫዋ ቀና ይላል። ነዳጅ ጨምርላት፤ ከዚያ በኋላ ብቻ የእጅ ፍሬኑን ልቀቅ።" አንድ ሙሉ ጠዋት እርሱን ብቻ ሲደጋግም ዋለ። በሦስተኛው ፈተና ያቺ ዳገት አልከበደችውም።

ዛሬ ባልየው የአንድ ሱቅ ዕቃ በትንሽ መኪና ያመላልሳል። ክፍያው ከፊተኛው ያንሳል። በሥራው በመጀመሪያው ሳምንት በመናኸሪያ አካባቢ ሲያልፍ አንድ ልጅ በሳይክል ከቆመ ባጃጅ ኋላ ብቅ አለበት። እግሩ ከሐሳቡ ቀድሞ ፍሬኑ ላይ ነበር። ልጁ ዞር ብሎ ሳያይ አለፈ። ባልየው ዳር ይዞ ቆመና ወደ ቤት ደወለ፤ መናገር አልቻለም። ቀብድ የከፈልንበት መንገድ ቢሳካ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር እኛ አናውቅም። የምናውቀው፣ በዚያች ሰዓት እግሩ መሥራት ያለበትን ሥራ እንደሠራ ነው።

ይህን በቤት ኅብረታችን ስንናገር አንድ ወንድም "እኛ ብቻ ብንተው ምን ይለወጣል?" ብሎ ጠየቀ። በዕድሜ የገፉ አባት መለሱለት። ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም መኪና የሚነዳበትን አቅጣጫ ከግራ ወደ ቀኝ ለውጣለች። "ያን ለውጥ አንድ ሰው ብቻውን ሊያደርገው አይችልም ነበር፤ ይጋጫል" አሉ። "ሁሉም በአንድ ቀን መዞር ነበረበት። ንስሐ ግን እንዲህ አይደለም። ጉቦን ለመተው የሌላውን መዞር አትጠብቅም፤ ብቻህን ብትዞር ማንንም አትገጭም።"

በዚያ ምሽት ሌላ ወንድም መንጃ ፈቃዱን ገዝቶ እንደነበር በእንባ ተናገረ። "ምን ላድርግ?" አለ። ጌታ ይቅር ይላል፤ ይህ የታመነ ነው። ድነታችንን በፈተና አላለፍንበትም፤ በክርስቶስ ደም ነው የተቀበልነው። ጸጋው ግን መከታውን መልሰን እንድንሠራ ያስነሣናል። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ ሲቀበል ወዲያው እጁ የወሰደውን ማሰብ ጀምሮ ነበር። ያ ወንድም መኪናውን አቁሞ እንደ ማንኛውም ለማጅ ከመጀመሪያው ሠለጠነ።

ይህን የምታነቡ፣ ጌታን ገና እየፈለጋችሁ ያላችሁም፣ ምናልባት ከክርስቲያኖች ጋር የተያያዘ እንዲህ ያለ ነገር አይታችሁ ተሰናክላችሁ ይሆናል። እኛም ከእነዚያ ነበርን፤ ይቅርታ እንጠይቃችኋለን። ጌታ ግን እንደ እኛ አይደለም፤ መንገድ ላይ ያለውን ልጅ ያያል።

እንድናስብበት፦ በሥራችን፣ በምንሠራው ቤት፣ በምናስተምረው ክፍል፣ በምንሸጠው ዕቃ ላይ "ወረቀት ብቻ ነው" ብለን የነቀልነው መከታ አለ? ከእርሱ ሊወድቅ የሚችለው ማን ነው?

ጌታ ሆይ፣ ለኃጢአታችን ምስጋና ያቀረብንበትን ቀን ይቅር በለን። ዳገት ላይ ስንቆም መጠበቅን አስተምረን። በከተማችን መንገድ ላይ የሚያልፉትን ልጆች ሁሉ ጠብቅ፤ እጃችንንም ለጥበቃህ ተጠቀምበት። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።