ኪራይ አይጾምም

«እናንተማ የምትሸጡት ውሃና ሻምፖ ነው፤ ምን ወጪ አለባችሁ?» ይህን ያላለን ደንበኛ የለም። ሸዋ ሮቢት ላይ ተሰባስበን የሴቶች ጸጉር ቤት የከፈትን ጓደኛሞች ነን። ዛሬ መልሱን ቆጥረን ልንሰጥ ተነሥተናልና እስክሪብቶ ይዛችሁ ተከተሉን።

አንደኛ፣ ኪራይ። ጸጉር ቤት ጓሮ ውስጥ አይከፈትም፤ ሰው የሚያየው ከአዲስ አበባ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ዳር ሲሆን ነው። የኛ ገበያ ደግሞ ወቅት ይጠብቃል። ጥር ላይ ሙሽራና ሚዜ ወንበር ይሻማሉ። ማሾና ሽንኩርት የተሸጠ ሰሞን ከቀወት ገጠር ሳይቀር ይመጣልናል። ከዚያ ሁዳዴ ይገባል፣ ሠርግ የለም። ረመዳን ሲመጣም የሙስሊም እኅቶቻችን ሠርግና ሂና ጋብ ይላል። ሰዉ ይጾማል፤ ኪራይ ግን አይጾምም!

ሁለተኛ፣ መብራት። ይፋት ቆላ ነው፤ በዚያ ሙቀት በቀትር ካስክ ሥር የሚቀመጥ ጀግና አላየንም። ደንበኛ የሚመጣው ፀሐይ በረድ ሲል ነው፤ በዚያች ሰዓት መብራት ከጠፋ ቀኑ አለቀ ማለት ነው። «ጄነሬተር ግዙ» ትሉን ይሆናል። አንድ የጸጉር ማድረቂያ ብቻውን እስከ 2000 ዋት ይጎትታል፤ ትንሿ ጄነሬተር አምፖልና ቴፕ እንጂ እሱን አትችልም። ትልቁን ብንገዛስ? ቤንዚን አለ፤ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ድጎማው ደረጃ በደረጃ የተነሣበት ቤንዚን። መብራት በሌለበት ሰዓት ቤቱን የሚያኖረው ሹሩባ ነው፤ እሱ የሚፈልገው እጅ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ዕቃ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት ለ38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ ሲከለክል የውበት መጠበቂያም አብሮ ታገደ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. እገዳው ተነሣ ብለን ሳንጨርስ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላርም በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ሻምፖው ከመርካቶ ተነሥቶ፣ ጣርማ በርን ወርዶ እኛ ጋ ሲደርስ ደግሞ የመኪናው ሒሳብ ይጨመርበታል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ያለችንን ኮንዲሽነር በማንኪያ እንለካታለን።

አሁን እንደምር። ለምሳሌ አንድ ራስ 300 ብር ይሁን። ልጆቹ የሚሠሩት በፐርሰንት ነው፤ ግማሹ፣ 150 ብር፣ የሠራችው ልጅ ነው። ሻምፖው፣ ቅባቱና ውሃው 60 ብር ወሰደ እንበል። ለቤቱ 90 ብር ቀረ። የወር ኪራዩ 9000 ብር ቢሆን በቀን 300 ብር ይመጣል። ሦስት ራስ ሠርተን 270 ብር ነው፤ ኪራዩ ገና አልሞላም! መብራቱንና ግብሩን ገና አላነሣንም።

በዚህ መሐል ደንበኛችን ፈገግ ብላ «50 ብር ቀንሱልኝ፣ ቤተሰብ አይደለን?» ትላለች። እሺ፣ 250 ብር ይሁን። ሻምፖው ያው 60 ብር ነው፤ እሱ ቤተሰብ አያውቅም። የልጅቱ ድርሻ 125 ብር ይሆናል፣ ለቤቱ 65 ብር ይቀራል። ኪራይ ለመሙላት አራት ራስ ይበቃን የነበረው አምስት ሆነ። ከ50 ብሯ ውስጥ 25ቱ የወጣው ደግሞ ከአከራዩ ኪስ አይደለም፣ ከነጋዴውም አይደለም። ቀኑን ሙሉ ቆማ ስትጎነጉን ከዋለችው ልጅ እጅ ነው። ደንበኛ ያጣች ቀን ያቺ ልጅ ባዶ እጇን ነው ወደ ቤቷ የምትሄደው።

አትከራከሩ አንልም፤ ክርክር የገበያ ወጉ ነው። ግን «ቀንሱ» ስትሉ ከማን ላይ እንደሚቀነስ አንዴ አስቡልን። ከአከራይ ላይ ማስቀነስ የምትችሉ ካላችሁ ደግሞ ኑ፤ ጸጉራችሁን በነፃ እንሠራለን።

ቸር እንሰንብት!