ስለ ኮምፒዩተር ትምህርትና ስለ ምሥጢር ጥበቃ

ሰው ዕውቀትን የሚሻው ስለ ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው የሌለውን ለማግኘት፥ ሁለተኛው ያለውን ለመጠበቅ። በዘመናችን ስለ ኮምፒዩተር ትምህርት ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚወሳው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ ይኸውም ሥራ ማግኘት፥ ደመወዝ ማሻሻልና ከዓለም ጋራ መገናኘት ነው። የሕዝብን መዝገብ፥ ገንዘብና ምሥጢር ስለ መጠበቅ ግን የሚናገረው ጥቂት ነው። እኛ በሐይቅና በአምባሰል አካባቢ በመንግሥት ሥራ ላይ የምንገኝ፥ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰን ወደ መዝገብ ቤት የገባንና ዛሬ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖን ቅዳሜና እሑድ ወደ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የምንመላለስ ሰዎች፥ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ይህ ሁለተኛው ነገር ነው።

አንዳንድ ወዳጆቻችን «ዩኒቨርሲቲ ያልገባ ሰው የኮምፒዩተርን ጥበብ ከየት ያገኘዋል?» ይሉናል። መልሱን ከቁጥር መረዳት ይቻላል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ሆኑ። እንግዲህ የጥበብ በር ዩኒቨርሲቲ ብቻ ከሆነ፥ ከመቶ ወጣቶች ከዘጠና አራት የሚበልጡት በደጅ ቆመው ሊቀሩ ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴና በኮምቦልቻ የሚሰጠው ትምህርት ከፍ ያለ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ቤት በጣሪያ ብቻ አይቆምም። ኮሌጁ ኮምፒዩተር ከመጠገንና የመረብ ገመድ ከመዘርጋት ጀምሮ፥ ደረጃ በደረጃ የመረጃ ቋት እስከ ማደራጀት ድረስ እያለማመደ፥ በመጨረሻም በብቃት ምዘና እየፈተነ፥ ለየወረዳው ጽሕፈት ቤት የሚያስፈልገውን ባለሙያ ያወጣል።

በትምህርቱ መግቢያ የመረጃ ደኅንነት በሦስት ምሰሶ እንደሚቆም ተምረናል፤ እነዚህም ምሥጢራዊነት፥ ምሉዕነትና ተደራሽነት ናቸው። ቃሎቹ አዲስ ቢመስሉም፥ ሐሳቡ ለአገራችን እንግዳ እንዳልሆነ ለማየት ከተወለድንበት ቀዬ መራቅ አላስፈለገንም።

ምሥጢራዊነት ማለት ያልተፈቀደለት ሰው እንዳይገባ መከልከል ነው። በአምባሰል የምትገኘው ግሸን፥ በጥንት ዘመን የነገሥታት ልጆች በጥበቃ የሚቀመጡባት አምባ ነበረች። ዙሪያዋ ገደል ነው። ቢሆንም ገደል ብቻውን አይጠብቅም፤ በሩን የሚጠብቁ፥ የሚገባውንና የሚወጣውን ለይተው የሚያውቁ ታማኞች ሊኖሩ ግድ ነው። የኮምፒዩተርም የይለፍ ቃል እንደዚሁ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት አራት ሠራተኞች በአንድ የይለፍ ቃል ሲጠቀሙ፥ ቃሉም በወረቀት ተጽፎ ከጠረጴዛ ላይ ተለጥፎ አይተናል። ይህ አምባውን አጥሮ በሩን ከፍቶ እንደ መተኛት ነው፤ ጥፋትም ቢደርስ ከአራቱ ማን እንደ ሠራው ለማወቅ አይቻልም።

ምሉዕነት ማለት ጽሑፍ እንደ ተጻፈ ሳይለወጥ መገኘቱ ነው። ለዚህ ከውጫሌ የሚበልጥ ምስክር ከየት ይገኛል? ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚህችው በአምባሰል በምትገኘው ውጫሌ የተፈረመው ውል በሁለት ቋንቋ ተጽፎ ነበር። የአማርኛው 17ኛ አንቀጽ ዳግማዊ ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋራ በኢጣልያ በኩል መነጋገር ይቻላቸዋል ሲል፥ የኢጣልያንኛው ግን ነገሩን ግዴታ አደረገው። በአንድ ግሥ ልዩነት የተጀመረው ጠብ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ በደም ተቈረጠ። ዛሬ ኮምፒዩተር ለአንድ ጽሑፍ የቍጥር ማኅተም ያወጣለታል፤ ከጽሑፉ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ማኅተሙ ጨርሶ ይለወጣል፥ ተንኮሉም ይገለጣል። ሆኖም ማኅተሙ የፊደልን መለወጥ ያሳያል እንጂ የትርጉምን ተንኮል አያሳይም፤ ያንን የሚያውቅ ሁለቱንም ቋንቋ ጠንቅቆ የተማረ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ሰውን ሊያግዝ እንጂ ሊተካ አይችልም።

ተደራሽነት ማለት መረጃው በሚፈለግበት ሰዓት መገኘቱ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ በሐይቅ እስጢፋኖስ ትምህርት ቤት አቋቁመው፥ እነ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት ታላቅ የዕውቀት ምንጭ ሆነ። በዚያም መጻሕፍት በብራና ይገለበጡ ነበር። መጽሐፍ መገልበጥ ዕውቀትን ማስፋፋት ብቻ አይደለም፤ አንዱ ቅጂ ቢቃጠል ሌላው እንዲተርፍ ማድረግም ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደቡብ ወሎ በደረሰ ጊዜ ብዙ መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል። ኮምፒዩተር ቢዘረፍ በገንዘብ ይተካል፤ ቅጂ የሌለው የገበሬ የይዞታ መዝገብ ግን በምን ይተካል? መዝገቡን በሌላ ስፍራ ማኖር የሊቃውንቱ ብልኀት ነበር፤ የእኛም ግዴታ ነው።

ይህን ሁሉ ስንል ሕግ የለም ማለታችን አይደለም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እና የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥተዋል። ነገር ግን በስልክ «ከባንክ ነው የምደውለው፤ የደረሰዎትን ቍጥር ይንገሩኝ» የተባለች እናት፥ አዋጁን ከማንበቧ በፊት ገንዘቧ ይጠፋል። እርሷን የሚያድናት በአጠገቧ ያለ የተማረ ሰው ነው፤ «እማማ፥ ይህን ቍጥር ለማንም አይንገሩ፤ ባንክ አይጠይቀዎትም» የሚላት ልጅ ነው።

ከዕውቀት ጋራ ደግሞ ግብረ ገብ ካልተጨመረ ትርፉ ጥፋት ነው። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አሠራር በተሳሳተ ጊዜ፥ ብዙ ሰዎች፥ ከእነርሱም መካከል የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፥ በሒሳባቸው ከሌለ ገንዘብ አወጡ። ባንኩ ምክንያቱ የውጭ ጥቃት ሳይሆን የራሱ የአሠራር ማሻሻያ እንደ ነበረ አስታውቋል። በሩን የሰበረ ሌባ አልነበረም፤ በሩ ተከፍቶ ሲገኝ ግን የብዙ ሰው ኅሊና ተፈተነ። ገንዘቡን በፈቃዳቸው የመለሱትም ጥቂቶች አልነበሩም፤ ፈተናውን ያለፉት እነዚህ ናቸው።

ትምህርቱ ለእኛ ቀላል አይደለም። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ መብራት ይጠፋል፤ ለብዙ ተማሪ አንድ ኮምፒዩተር ይደርሳል፤ የሳምንቱ ሥራ ያደከመው ዐይን በእሑድ ጧት ገጽ መግለጥ ይከብደዋል። ከእኛ በዐሥር ዓመት የሚያንሱት ልጆች በደቂቃ የሚረዱትን እኛ በሰዓት እንረዳለን። ነገር ግን ከመዝገብ ጋራ የኖርን ስለ ሆንን፥ አንድ ስም ሲሳሳት በአንድ ቤተ ሰብ ላይ የሚደርሰውን መከራ እናውቃለን፤ ይህም ዕውቀት ከኮሌጅ አይገኝም።

ስለዚህ የመሥሪያ ቤት አለቆች ሠራተኞቻቸውን ለዚህ ትምህርት ቢያበረታቱ፥ ለእያንዳንዱም ሠራተኛ የራሱ የይለፍ ቃል እንዲኖረው ቢያዝዙ፥ የመዝገቡም ቅጂ በሌላ ስፍራ እንዲቀመጥ ቢያደርጉ፥ ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ ብዙ ጥፋት ይቀራል። ሕዝብ ስሙን፥ መሬቱንና ገንዘቡን በእጃችን አደራ ሰጥቶናል። አደራ የተቀበለ ሰው ደግሞ ዕድሜዬ ገፍቷል ብሎ የመጠበቂያውን ጥበብ ከመማር ሊሰንፍ አይገባውም።