ሰሊጡን ስናበጥር መብራቱንም እናበጥር



ሰሊጥ የነገደ ሁሉ ቆሻሻ የገባበት ምርት ስንት ዋጋ እንደሚያስቀንስ ያውቃል። ከፋሽጋ ሜዳ የመጣውን ሰሊጥ፣ የገዳሪፍ ወዳጆቻችን ሲምሲም የሚሉትን፣ ከአፈርና ከገለባ ካልለየን ገዢ ዋጋ ይሰብርብናል። ማበጠሪያውን የሚያዞረው መብራትም የራሱ ገለባ አለው።

የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያውን፣ ድራይቭ የምንለውን፣ የወደድነው በምክንያት ነው። ሞተሩን ቀስ አድርጎ ያስነሳል፤ የማበጠሪያውን ነፋስ እንደ ምርቱ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ግን በመግቢያው ያሉት ስድስት ዳዮዶች ኤሌክትሪኩን የሚጎርሱት በሞገዱ ጫፍ ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ከዚህ አጎራረስ ሃርሞኒክ የሚባል ትርፍ ሞገድ ይወጣል። መስመራችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ዋናዎቹ ትርፎች 250 እና 350 ኸርዝ ናቸው። ሥራ አይሠሩም፤ ሽቦና ትራንስፎርመር ግን ያሞቃሉ።

በአንድ ትራንስፎርመር የምንጠቀም አራት ነን፤ ሦስታችን ሰሊጥ እናበጥራለን፣ አንዱ ባለወፍጮ ነው። የባለወፍጮው ካፓሲተሮች በየጊዜው እየጋሉ መፈንዳት ሲጀምሩ ነገሩ ወደ ጠብ ሊሄድ ነበር። ኤሌክትሪሺያን ጠርተን አስለካን። ካፓሲተር ለከፍተኛ ኸርዝ በሩ ክፍት ነው፤ ከትራንስፎርመሩ ጋር ሲገጣጠም ደግሞ ሃርሞኒኩን ያባዛዋል። ማንም ክፉ ሳያስብ ከሦስት ቤት የወጣው ቆሻሻ አራተኛው ቤት ገብቶ ያቃጥል ነበር።

መፍትሔው ፓሲቭ ፊልተር ነው፤ በመሠረቱ የመዳብ ጥቅልና ካፓሲተር፣ ለኤሌክትሪክ የተሠራ ወንፊት። ርካሹ ቾክ ብቻ ነው። ቾክ የሌለው ድራይቭ የሚስበው ጅረት መዛባት 80 በመቶ ሊደርስ ይችላል፤ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሚባለው ቾክ ሲገባ ወደ 40 በመቶ አካባቢ ይወርዳል። በድራይቩ ፊት የሚገባው ሙሉ ፊልተር፣ ሞተሩ በሙሉ ጭነት ሲሠራ፣ ከ10 በመቶ በታች ያደርሰዋል።

እንደ ነጋዴ ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩ።

አንደኛ፣ ሰሌዳውን አንብቡ። ኢትዮጵያም ሱዳንም 50 ኸርዝ ስለሆኑ ገዳሪፍ የሠራ ፊልተር ሸኸዲም ይሠራል፤ ቮልቱን ብቻ አስተያዩ። ሳዑዲ ግን 60 ኸርዝ ናት። ለዚያ የተቃኘ ያገለገለ ዕቃ 300 ኸርዝ ይጠብቃል፤ የእኛ 250 በጎኑ ያልፋል።

ሁለተኛ፣ ጄኔሬተር። ማሽኑ ባዶውን ሲዞር የፊልተሩ ካፓሲተር ከመስመሩ አይወጣም፤ የጄኔሬተሩን ቮልት መቆጣጠሪያ ያሳስተዋል። ስለዚህ በቀላል ጭነት ጊዜ ካፓሲተሩን የሚቆርጥ ኮንታክተር ያለውን ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ጎረቤት። ከመስመሩ ጎን የሚታሰረውና ለ250 ኸርዝ የተቃኘው ፊልተር የባለቤቱን ብቻ ሳይሆን የሌላውንም ቆሻሻ ይስባል። አንድ ሰው ብቻ ቢገዛ የሁሉን ሸክም ተሸክሞ እሱ ይጋላል።

እኛን ያከራከረን ይኸው ሦስተኛው ነበር። አንዱ "የተቃጠለበት ይግዛ" አለ፤ ሌላው "በጋራ አንድ ትልቅ እንግዛ" አለ። የተስማማነው ግን ሰሊጥ ስንረከብ በምንሠራበት ደንብ ነው፤ ቆሻሻውን የሚያበጥረው ያመጣው ነው። እያንዳንዱ ባለድራይቭ በራሱ ድራይቭ ፊት በአምፔሩ ልክ ፊልተር አስገባ። ባለወፍጮው ደግሞ ለካፓሲተሮቹ 7 በመቶ ሪአክተር ጨመረ፤ ይህ መቃኛቸውን ወደ 189 ኸርዝ፣ ከ250 በታች ያወርደዋል።

እናንተም ትራንስፎርመር የምትጋሩ ከሆነ፣ የአዝመራው ሥራ ሳይጦፍ ተሰብስባችሁ አስለኩ። ለኤሌክትሪሺያኑ የሚከፈለው ለአራት ሲካፈል ቀላል ነው።